በወረርሽኝ የተቋረጠን የአባለዘር ጤና አገልግሎት መልሶ ማቋቋም፦ የእንግሊዝ አገር የመቶ ዓመት ታሪክ

መግቢያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ወቀሳውን በበሽተኛው ላይ ያሳርፋል። የአባለዘር በሽታዎች ሕክምና ታሪክ ሲመረመር ግን በሽታውን የሚደብቀው በሽተኛው ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። ሕጉ፣ ኅብረተሰቡ፣ አንዳንድ ጊዜም የጤና ተቋሙ ራሱ ለመደበቁ ምክንያት ይሆናሉ። ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሲነሣ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። እግሩ የተሰበረ ሰው የሆስፒታል በር ቢዘጋበት ይጮኻል፤ ቤተሰቡም አብሮት ይጮኻል። ከብልቱ ፈሳሽ የታየው ወጣት ግን ክሊኒኩ ተዘግቶ ቢያገኘው ለማንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ይመለሳል። አገልግሎቱ ሲቋረጥ የሚሰማ አቤቱታ የለምና መቋረጡም፣ መልሶ መቋቋሙም በቀላሉ ይዘነጋል።

ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር የአባለዘር ጤና አገልግሎት እንዴት እንደተመሠረተ፣ በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ እንዴት እንደተቋረጠና ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተመለሰ ይዳስሳል። የእንግሊዝ አገር ታሪክ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አገሪቱ የእነዚህን በሽታዎች ቁጥር ከ1918 ጀምሮ ስትመዘግብ በመቆየቷ የአንድ ምዕተ ዓመትን ውጣ ውረድ ለማየት ያስችላል። ሁለተኛ፣ ከወረርሽኙ በኋላ የሆነው ነገር ሀብት ባላቸው አገሮች ብቻ የሚወሰን ትምህርት አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅጣት ወደ ምስጢር ጥበቃ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የብሪታንያ መንግሥት ስለ ቂጥኝና ጨብጥ ማሰብ የጀመረው ስለ ወታደሮቹ በማሰብ ነበር። በ1864 የወጣውና በ1866ና በ1869 የተስፋፋው የተላላፊ በሽታዎች ሕግ፣ በወደብና በጦር ሰፈር ከተሞች የሚገኝ ፖሊስ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ የጠረጠራትን ሴት ለምርመራ እንዲያቀርብ ሥልጣን ሰጠው። ሕመም የተገኘባት ሴት በሆስፒታል ተዘግታ ትቆይ ነበር። ከእርሷ ጋር የተኛው ወንድ ግን አይመረመርም፤ አይጠየቅምም። ጆሴፊን በትለር የተባለች የሴቶች መብት ተሟጋች የመራችው የብዙ ዓመታት ትግል ሕጉን በ1886 አሽሮታል።

ከዚያ በኋላ የሕክምና ሳይንስ በፍጥነት ተራመደ። በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን የቂጥኝን ተሕዋስ ለዩ። በ1906 የዋሰርማን የደም ምርመራ መጣ። በ1910 ደግሞ የኤርሊኽ ሳልቫርሳን በገበያ ላይ ዋለ። ሊታወቅና ሊታከም የሚችል በሽታን በሐሜትና በቅጣት መያዝ ትርጉም እንደሌለው እየታየ ሄደ። በ1913 በሎርድ ሲደንሃም ሰብሳቢነት የተቋቋመው ንጉሣዊ ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርቱን በ1916 አቀረበ፤ በትልልቅ ከተሞች ከሚኖረው ሕዝብ ከመቶ አሥር ያላነሰው በቂጥኝ ሳይያዝ እንዳልቀረም ገመተ።

በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ የአካባቢ አስተዳደሮች የምርመራና የሕክምና ማዕከላት እንዲከፍቱ አስገደደ። ደንቡ የቆመባቸው መሠረቶች ሦስት ነበሩ፦ ሕክምናው ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ምስጢር ይጠበቃል፤ የመጣ ሰው የየትም ቀበሌ ነዋሪ ቢሆን አይመለስም። ከወጪው ከመቶ 75ቱን ማዕከላዊው መንግሥት፣ 25ቱን የአካባቢው አስተዳደር ይሸፍናሉ። በ1917 የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተመረቀ ሰው እነዚህን በሽታዎች እንዳያክምና መድኃኒት እንዳያስተዋውቅ ከለከለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ማዕከላት ተከፈቱ። የኮሚሽኑ ሐሳብ ከ1864ቱ ሕግ ተቃራኒ ነበር፤ በሽተኛን አሳድዶ ከመያዝ ይልቅ በራሱ ፈቃድ እንዲመጣ መንገዱን መጥረግ ይሻላል የሚል ነው።

ሁለት በሽታዎች በአንድ ዓመት

አዲሶቹ ማዕከላት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሁለት ታላላቅ ፈተናዎች ደረሱባቸው። የመጀመሪያው ጦርነቱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ400 ሺህ የሚበልጡ የብሪታንያና የግዛቶቿ ወታደሮች በአባለዘር በሽታ ምክንያት ሆስፒታል ገብተዋል። ሁለተኛው በ1918 የተነሣው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር፤ በብሪታንያ ብቻ ወደ 228 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ።

ይኸው ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ «የኅዳር በሽታ» ተብሏል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ መነሻው ያ ወረርሽኝ እንደሆነ ይታመናል። ቂጥኝና ጨብጥ ግን ለብዙ ዘመን ሲያመክኑ፣ ሲያሳውሩና ሲገድሉ ኖረው እንዲህ ያለ ትውስታ ብዙም አላተረፉም። በአንድ ወር ውስጥ የሚገድል በሽታ ሲታወስ ይኖራል፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የሚገድል ግን ይረሳል። በወረርሽኝ ጊዜ የትኛው አገልግሎት ቀድሞ እንደሚዘጋ ሲወሰንም ይኸው የትውስታ መዛባት የራሱን ሚና ይጫወታል።

ቁጥር ሲቀንስ የሚመጣ መዘናጋት

በ1943 ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ ታወቀ። በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር በ1946 ጣሪያ የነካው የቂጥኝ ቁጥር ከዚያ በኋላ በፍጥነት ወረደ። በ1950ዎቹ ሙያው ራሱ የሚጠፋ እስኪመስል ድረስ ትኩረት ተነፈገው፤ ክሊኒኮቹም በሆስፒታል ጓሮና በምድር ቤት ተወሰኑ። ይሁንና በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ጨብጥ እንደገና መጨመር ጀመረ፤ እስከ 1970ዎቹም እየጨመረ ዘለቀ። በ1976 ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚያመነጭ የጨብጥ ተሕዋስ ተገኘ። ቀጥሎም በ1980ዎቹ ኤች አይ ቪ መጣ፤ በቸልታ ይታዩ የነበሩት ክሊኒኮችም የአገሪቱ ግንባር ቀደም መከላከያ ሆኑ።

ይህ ዑደት ከዚያም ወዲህ ተደግሟል። በ2001 የወጣው ብሔራዊ የወሲባዊ ጤናና የኤች አይ ቪ ስትራቴጂ ለዘርፉ ትኩረት መለሰለት። ቆየት ብሎም ማንኛውም ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ቀጠሮ እንዲያገኝ ለ2008 ግብ ተጣለ። በ2013 ግን የአገልግሎቱ በጀትና ኃላፊነት ከብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ወጥቶ ለአካባቢ አስተዳደሮች ተላለፈ። ከ2015 ጀምሮ ለአስተዳደሮቹ የሚሰጠው የኅብረተሰብ ጤና ድጎማ፣ የዋጋ ንረት ታስቦ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሩብ ገደማ ተቀነሰ። በ2019 በእንግሊዝ የተመዘገበው የጨብጥ ሕመምተኛ ቁጥር ወደ 71 ሺህ ተጠግቶ ነበር። ወረርሽኙ የደረሰበት ቤት አስቀድሞ ምሰሶው የላላ ነበር ማለት ነው።

መጋቢት 2020

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 11 ቀን 2020 ነው። በብሪታንያ መጋቢት 23 ቀን ጥብቅ የእንቅስቃሴ ገደብ ታወጀ። በቀናት ውስጥ የአባለዘር ጤና ክሊኒኮች መልካቸው ተለወጠ። የዘርፉ የሙያ ማኅበር በሚያዝያ ባደረገው ዳሰሳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መልስ ሰጪዎች የአገልግሎት መስጫ ቦታዎች እንደተዘጉባቸው ገለጹ። ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ኮቪድ ክፍሎች ተዛወሩ። ያለ ቀጠሮ በሩን ከፍቶ መግባት፣ ማለትም በ1916 ከተጣሉት መሠረቶች ጋር አብሮ ያደገው ልማድ፣ ቆመ። በስልክ ተጣርቶ ብርቱ የሕመም ምልክት ያለበት፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወይም ጥቃት የደረሰበት ሰው ብቻ በአካል እንዲታይ ተደረገ።

ባለሙያዎቹን ማዛወሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሚሞቱበት ወቅት ኦክስጅን የሚሰጥ እጅ ያስፈልግ ነበር። ለዘመናት የሕመምተኞችን የወሲብ ጓደኞች በምስጢር ሲያፈላልጉ የኖሩት የአባለዘር ክሊኒክ ባለሙያዎች፣ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች የማግኘት ሙያቸው ለኮቪድም የሚጠቅም ነበር። ጉድለቱ የነበረው ሌላ ዘንድ ነው። የተዛወረው ባለሙያ መቼ እንደሚመለስ፣ የተሰረዘው ቀጠሮ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የትኛው አገልግሎት ለአንድ ቀንም መቋረጥ እንደሌለበት አስቀድሞ የተጻፈ ዕቅድ በብዙ ቦታ አልነበረም።

የመቋረጡ ጉዳት በአንድ በሽታ ላይ ብቻ አልተወሰነም። ኤች አይ ቪን አስቀድሞ የሚከላከለው መድኃኒት (ፕሬፕ) ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ በመደበኛነት እንደሚሰጥ የተገለጸው ገደቡ ከመታወጁ ከጥቂት ቀናት በፊት ነበር፤ በተግባር መዳረስ የጀመረው ግን በመከር ወራት ነው። ሉፕ ማስገባትና በክንድ የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ መትከል በብዙ ቦታ ቆመ። የሙያ ማኅበራትም በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ከሦስት ዓመት አልፎ እስከ አራት ዓመት እንዲቆይ፣ እስከዚያም የሚዋጥ ክኒን እንዲሰጥ ጊዜያዊ መመሪያ አወጡ። ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው ለታዳጊ ልጃገረዶች የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባት ተስተጓጎለ። ከ12 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ሽፋን በ2018/19 ከመቶ 88 የነበረ ሲሆን በ2019/20 ወደ ከመቶ 59 ወረደ።

ዝቅ ያለ ቁጥር ምን ይናገራል?

የ2020 ዓመታዊ መዝገብ ሲታተም ላይ ላዩን ሲታይ የምሥራች ይመስል ነበር። በእንግሊዝ አዲስ የተመዘገቡት የአባለዘር በሽታዎች ከቀዳሚው ዓመት ሲነጻጸሩ ከመቶ 32 ቀንሰው ወደ 318 ሺህ ወርደዋል። ጨብጥ ወደ 57 ሺህ፣ ቂጥኝም ከ8 ሺህ ገደማ ወደ 7 ሺህ ገደማ ዝቅ ብለዋል።

ከዚህ መቀነስ ውስጥ የተወሰነው እውነተኛ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ሰዎች ከቤት ባልወጡበት ጊዜ አዲስ ትውውቅ ቀንሶ ነበር። አንዳንድ የለንደን ክሊኒኮችም ይህን አጋጣሚ ለመጠቀም ሞክረዋል፤ መተላለፉ ዝቅ ባለበት ሰሞን ብዙ ሰው ተመርምሮ ቢታከም ሰንሰለቱን መበጠስ ይቻላል በሚል ሕዝቡን ለምርመራ ቀስቅሰዋል። ነገር ግን የተመረመረው ሰው ቁጥርም አብሮ ወርዷል። ያልተመረመረ ሰው በመዝገብ አይገባም። በተለይ ክላሚዲያና የሴቶች ጨብጥ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳዩ የሚገኙት በፍለጋ ብቻ ነው። ፈላጊው ከሌለ ቁጥሩ ይወርዳል፤ በሽታው ግን በማህፀን ቱቦ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

ስለዚህ በመቋረጥ ዘመን የተመዘገበን ቁጥር የሚያነብ ባለሙያ ሁለት ጥያቄዎችን አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል፦ ስንት ሰው ተመረመረ? ከተመረመሩት ውስጥስ ከመቶ ስንቱ ተገኘበት? የ1950ዎቹ መዘናጋት ምንጭ ቢያንስ በፔኒሲሊን የመጣ እውነተኛ መቀነስ ነበር። የ2020ው ግን ከፊሉ ዝምታ ነው።

በጥድፊያ የተሠራውና የጸናው

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በ2020 በጥድፊያ ከተዘረጉት አሠራሮች አንዳንዶቹ ግን ሳይፈቱ ጸንተዋል። የጸኑት ደግሞ ከወረርሽኙ በፊት ተሞክረው ማስረጃ የተሰበሰበላቸው፣ ወይም በወረርሽኙ ጊዜ ውጤታቸው በጥንቃቄ የተመዘነ ናቸው።

የመጀመሪያው በፖስታ የሚላክ የምርመራ ዕቃ ነው። አንድ ሰው በኢንተርኔት ያዝዛል፤ ሽንት ወይም የብልት ናሙና፣ ከጣቱ ጫፍም ጥቂት ደም በቤቱ ወስዶ ይልካል፤ ውጤቱ በስልክ መልእክት ይደርሰዋል። ይህ አሠራር በደቡብ ለንደን ከ2015 ጀምሮ ይሠራበት ነበር። በ2017 በታተመና ወደ 2 ሺህ ወጣቶች በዕጣ ተመድበው በተሳተፉበት ጥናት፣ የኢንተርኔቱ አገልግሎት ከተነገራቸው ውስጥ በስድስት ሳምንት ውስጥ የተመረመሩት ከመቶ 50 ሲሆኑ፣ ስለ ክሊኒኮች ብቻ ከተነገራቸው ግን ከመቶ 27 ያህሉ ነበሩ። ወረርሽኙ ሲመጣ መንገዱ በከፊል ተጠርጎ ስለነበር ብዙ አካባቢዎች በፍጥነት ተቀበሉት።

ሁለተኛው በመድኃኒት የሚደረግ ጽንስ ማቋረጥ ነው። ቀድሞ የመጀመሪያው ክኒን፣ ማይፌፕሪስቶን፣ በክሊኒክ ውስጥ መዋጥ ነበረበት። መጋቢት 23 ቀን 2020 ሁለቱንም ክኒኖች በቤት መውሰድ ይቻላል የሚል መግለጫ ወጣ፤ በዚያው ቀን ተሻረ፤ መጋቢት 30 ቀን እንደገና ጸደቀ። ይህ መወላወል ጉዳዩ ምን ያህል አከራካሪ እንደነበር ያሳያል። ተቃዋሚዎች በስልክ በሚደረግ ምክክር የተገደደችን ሴት መለየት አይቻልም ብለው ሰጉ። ደጋፊዎች በበኩላቸው ከቤት መውጣት የማትችለው ሴት አንዳች አገልግሎት ሳታገኝ ትቀራለች ብለው ተከራከሩ። በ2021 የታተመና ከ52 ሺህ በላይ ጽንስ ማቋረጦችን የመረመረ ጥናት፣ የአማካይ መጠበቂያ ጊዜው ከ10.7 ቀን ወደ 6.5 ቀን እንዳጠረ፣ የሕክምናው ስኬትም ከመቶ 98 በላይ እንደሆነና እንዳልቀነሰ አሳየ። የብሪታንያ ምክር ቤት መጋቢት 30 ቀን 2022 በ215 ድምፅ ለ188 አሠራሩ ቋሚ እንዲሆን ወሰነ፤ በእንግሊዝና በዌልስም ከነሐሴ 2022 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ ጸና።

ሦስተኛው ፋርማሲ ነው። ዴሶጀስትሬል የተባለው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ከ2021 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር በመመካከር ብቻ እንዲገኝ ተፈቀደ። እነዚህ ሦስት ለውጦች የሚጋሩት ባሕርይ አለ። አገልግሎቱ ወደ ሰውየው ሄደ እንጂ ሰውየው ወደ አገልግሎቱ እስኪመጣ አልተጠበቀም።

ያልተመለሰው

ይሁን እንጂ በፖስታ የሚላክ ዕቃ ሐኪም አይደለም። በብልት ላይ ያለን ቁስል አያይም፤ በመዳፍ ላይ የወጣን የቂጥኝ ሽፍታ አይለይም፤ የምትደበድብ እጅ ያለችበትን ቤት አያስተውልም። የጨብጥ ሕመምተኛ የሴፍትሪያክሶን መርፌውን፣ የቂጥኝ ሕመምተኛም የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌውን ለመወጋት አሁንም በአካል መቅረብ አለበት። ምርመራው ወደ ቤት ሲሄድ ሕክምናው በክሊኒክ ቀርቷልና፣ ክሊኒኩ ሰው ካጣ ውጤቱ ታውቆ ሕክምናው ይዘገያል። ስልክና ኢንተርኔት የሌለው፣ ቋንቋውን የማይችል፣ ወይም ፖስታውን ሌላ ሰው የሚከፍትበት ሰውም ከአዲሱ መንገድ ውጭ ሆኗል። አዲሱ አሠራር በብዙ ቦታ ከነባሩ ጋር ጎን ለጎን ከመቆም ይልቅ ነባሩን ተካው፤ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት በርም ሳይከፈት የቀረበት አካባቢ ጥቂት አይደለም።

ክሊኒኮቹ ገና ሲያገግሙ በግንቦት 2022 የዝንጀሮ ፈንጣጣ (ኤምፖክስ) መጣ። በዓመቱ መጨረሻ በዩናይትድ ኪንግደም ከ3,700 የሚበልጡ ሕመምተኞች ተመዝግበው ነበር። አብዛኞቹን ያከሙትና ክትባቱን የሰጡት እነዚሁ የአባለዘር ጤና ክሊኒኮች ናቸው። አዲሱ ሸክም በነባሩ ላይ ሲጨመር መደበኛው ቀጠሮ እንደገና ወደ ኋላ ተገፋ።

በመዝገቡም ላይ ዝምታው ተሰበረ። በ2022 በእንግሊዝ የተመዘገበው የጨብጥ ቁጥር 82,592 ደረሰ፤ ምዝገባው ከተጀመረበት ከ1918 ወዲህ ትልቁ ነበር። በ2023 ደግሞ ወደ 85,223 አደገ። ቂጥኝ በ2022 ወደ 8,700፣ በ2023 ከ9,500 በላይ ሆነ፤ ይህም ከ1948 ወዲህ ያልታየ ነው። ከጭማሪው ከፊሉ የምርመራ መመለስ ውጤት ቢሆንም፣ የጤና ባለሥልጣናቱ በምርመራ ብዛት ብቻ ሊገለጽ እንደማይችል አመልክተዋል። በተለይ ከ15 እስከ 24 ዓመት ባሉት ወጣቶች መካከል መተላለፉ ራሱ ጨምሮ ነበር። የኤች ፒ ቪ ክትባት ሽፋንም በተመሳሳይ የዕድሜ ክልል ባሉ ልጃገረዶች በ2022/23 ከመቶ 71 ላይ ነበር፤ ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረው ከመቶ 88 አልተመለሰም። አንድን ትምህርት ቤት መክፈት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ያመለጣትን ልጅ ስሟን ይዞ ፈልጎ ማግኘት ግን ዓመታት ይወስዳል።

በ2024 ጨብጥ ወደ 71,802 ዝቅ ሲል ቂጥኝ ግን በትንሹ ጨምሮ 9,535 ሆነ። በዚያው ዓመት ሴፍትሪያክሶንን የተላመደ ጨብጥ በ13 ሰዎች ላይ ተገኘ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ሴፍትሪያክሶን የቀረው ዋነኛ መድኃኒት በመሆኑ የ1976ቱን ታሪክ ያስታውሳል። በነሐሴ 2025 እንግሊዝ ለማጅራት ገትር የተሠራውን የ4ሲሜንቢ ክትባት ለጨብጥ ተጋላጭ ለሆኑ ሰዎች በብሔራዊ ደረጃ መስጠት በመጀመር ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። መከላከሉ ከመቶ 30 እስከ 40 ገደማ ቢሆንም ክትባቱን የሚሰጡትም እነዚያው ክሊኒኮች ናቸው። ማንኛውም አዲስ ግኝት በስተመጨረሻ የሚያልፈው በአንድ ነርስና በአንድ በር በኩል መሆኑን ይህ ያረጋግጣል።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሕክምና ተለየ፤ ሕዝቡም ተቋማትን መፍራት ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. በታኅሣሥ አካባቢ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የኤች ፒ ቪ ክትባት በአብዛኛው የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለነበር፣ ከላይ የተገለጸው የእንግሊዝ ችግር ለዚህም አገር ባዕድ አልነበረም።

በአንድ ዘርፍ ግን ኢትዮጵያ ከወረርሽኙ በፊት የተዘጋጀ መንገድ ነበራት። ከ2017 ጀምሮ ሕክምናቸው የተረጋጋ የኤች አይ ቪ ሕሙማን የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወስደው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲመጡ የሚያስችለው የተራራቀ ቀጠሮ አሠራር ተዘርግቶ ነበር። ይህ የተደረገው ስለ ወረርሽኝ ታስቦ አልነበረም፤ የተጨናነቁ ክሊኒኮችን ለማቅለልና የሕሙማንን ድካም ለመቀነስ ነበር። መንገድ ሲዘጋና ሰው ሲፈራ ግን የስድስት ወር ክኒን በቤቱ ያለው ሰው ሕክምናው አልተቋረጠበትም። ከደቡብ ለንደኑ የፖስታ ምርመራ ጋር ሲነጻጸር ትምህርቱ አንድ ነው፦ በመከራ ጊዜ የሚያገለግለው በደህና ጊዜ የተሠራው ነው።

የእንግሊዝን መንገድ ሁሉ መገልበጥ ግን አይቻልም። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የአባለዘር በሽታዎች በአብዛኛው የሚታከሙት በምልክት ላይ በተመሠረተ አሠራር ነው፤ ባለሙያው ፈሳሽን፣ ቁስልን ወይም የብሽሽት እብጠትን አይቶ ያክማል። ይህ አሠራር በፖስታ ሊተካ አይችልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወረርሽኝ በሩ እንዳይዘጋ መጠበቁ ከምንም በላይ ይቀድማል። ምልክት የሌላቸው ደግሞ በምርመራ ብቻ የሚገኙ በመሆናቸው የነፍሰ ጡር እናቶች የቂጥኝ ምርመራ ለአንድ ሳምንትም ሊቋረጥ አይገባም፤ የአንድ ሳምንት መቋረጥ ከወራት በኋላ በተወለደ ሕፃን ላይ ይታያል።

ከታሪኩ የሚወጡት ተግባራዊ ነጥቦች በጥቂቱ የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ የማይቋረጡ አገልግሎቶች ዝርዝር ወረርሽኝ ሳይመጣ በየተቋሙ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ባለሙያ ሲዛወር የሚመለስበት ቀን አብሮ ይወሰን። ሦስተኛ፣ የተሰረዙ ቀጠሮዎች፣ ያመለጡ ክትባቶችና ያልተነገራቸው የወሲብ ጓደኞች ምስጢሩ በተጠበቀ መዝገብ ይያዙ፤ መልሶ ማቋቋም የሚጀምረው ከዚያ መዝገብ ነውና። አራተኛ፣ የሕመምተኛ ቁጥር ሲቀንስ የተመረመሩት ቁጥር አብሮ ይታይ። አምስተኛ፣ አዲስ አሠራር በነባሩ ላይ ይጨመር እንጂ አይተካው፤ ካልሆነ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ከሁለቱም ውጭ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በ1916 የተጻፈው ደንብ የያዘው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሰው ሳይከፍል፣ ሳያፍርና የት እንደሚኖር ሳይጠየቅ ይታከም የሚል። ከመቶ ዓመት በላይ በሁለት የዓለም ጦርነቶች፣ በፔኒሲሊን ዘመን መዘናጋትና በኤች አይ ቪ ድንጋጤ ውስጥ አልፎ የዘለቀው ይህ ሐሳብ በ2020 በጥቂት ቀናት ውስጥ ተስተጓጎለ። ሕንፃዎቹ በወራት ውስጥ ተከፍተዋል። ባለሙያው፣ በጀቱና የሕዝቡ ልማድ ግን በዓመታትም ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። አገልግሎቱ ተመለሰ የሚባለው በሩ ሲከፈት ሳይሆን፣ በመጋቢት 2020 በሩ ተዘግቶ አግኝቶት ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ወጣት ተፈልጎ ሲገኝና ሲታከም ነው።